ነፋሱን የደገፈው ባላ

ተረት ተረት፤ የነፋስ በረት። በረቱ አጥር የለው፣ ነፋሱም እረኛ የለው።

ነፋስ ጉበን በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ነበረች። ከመንደሩ በላይ፣ ጋራው ጫፍ ላይ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ቀን ከሌት ይሽከረከራሉ። መብራቱ በደብሪቱ ጣራ ላይ ያልፍና ከተማ ይገባል። እሷ ዘንድ ጎራ ብሎ አያውቅም። አትቀየመውም፤ "መንገደኛ ነው፣ ቸኩሎ ይሆናል" ትላለች።

የምትሻው አንድ ነገር ነበር። ባሏ ልሳኑ ሳይሞት ድምፁን በካሴት ቀድቶ፣ "ስናፍቅሽ ክፈቺው" ብሏት ነበር። ናፈቃት። አራት ክረምት ናፈቃት። የቴፑን የባትሪ ቤት ግን ዝገት በልቶታል፤ ያለ መብራት አይሠራም። ከተማ ወስደሽ ስሚው ሲሏት፣ "ልሳኑ በሰው ፊት እንኳን ሊያጫውተኝ፣ ስሜንም ጠርቶ አያውቅ" ትላለች።

አንድ ቀን ማለዳ፣ "አንተ ቴፕ፣ ልሳኑን አሰማኝ" አለችው። ቴፑም፣ "ሽቦ ካልመጣ አልናገርም" አለ።

ወጥታ ወደ ሽቦው አንጋጠጠች። "አንተ ሽቦ፣ ወደ ቤቴ ውረድ፤ ቴፑ አልናገርም አለኝ።" ሽቦውም፣ "ምሰሶ ካልቆመልኝ አልወርድም" አለ።

ምሰሶው መንገድ ዳር ተጋድሞ ሣር በቅሎበታል። "አንተ ምሰሶ፣ ተነስተህ ቁም፤ ሽቦው አልወርድም አለኝ፣ ቴፑ አልናገርም አለኝ።" ምሰሶውም፣ "ደብዳቤ ካልመጣ አልቆምም" አለ።

"ከተኛህ ስንት ዓመትህ ነው?"

"እሱም ደብዳቤው ላይ ይገለጻል።"

ነጠላዋን አጣፍታ ከተማ ወረደች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት፣ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። "አንተ ደብዳቤ፣ ውጣ፤ ምሰሶው አልቆምም አለኝ፣ ሽቦው አልወርድም አለኝ፣ ቴፑ አልናገርም አለኝ።" ደብዳቤውም፣ "ማኅተም ካልመታኝ አልወጣም" አለ።

ማኅተሙ በጸሐፊዋ በብርዛፍ መሳቢያ ውስጥ ነው። "አንተ ማኅተም፣ ምታ፤ ደብዳቤው አልወጣም አለኝ፣ ምሰሶው አልቆምም አለኝ፣ ሽቦው አልወርድም አለኝ፣ ቴፑ አልናገርም አለኝ።" ማኅተሙም፣ "ፊርማ ካላረፈ አልመታም" አለ።

"እውነቱን ነው እማማ፤ ፊርማ ሳያይ እኔንም አይታዘዘኝ" አለች ብርዛፍ።

"ፊርማው የታለ?"

"ኃላፊው፣ አቶ ሸዋንግዛው እጅ ላይ ነው። እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"መቼ ገቡ?"

"ሲገቡ አላየሁም። እኔ ስቀጠር ውስጥ ነበሩ።"

ደብሪቱ በአዳራሹ በር ቀዳዳ አጎንብሳ ተናገረች። "አንተ ስብሰባ፣ ተበተን፤ ፊርማው አላርፍም አለኝ፣ ማኅተሙ አልመታም አለኝ፣ ደብዳቤው አልወጣም አለኝ፣ ምሰሶው አልቆምም አለኝ፣ ሽቦው አልወርድም አለኝ፣ ቴፑ አልናገርም አለኝ።" ስብሰባውም ከውስጥ ሆኖ፣ "ነፋሱ ድጋፍ ሳያገኝ አልበተንም" አለ።

"የነፋስ ኃይል ድጋፍ ፖሊሲ ነው እማማ" አለች ብርዛፍ። "ነፋሱ ካልተደገፈ መብራቱ መንደር አይገባም።"

ደብሪቱ አሰበች። ሰባ ዓመት ሙሉ ሲገፈትራት የኖረው ነፋስ፣ ለካ ደክሞት ኖሯል። "ድጋፍ ብቻ ከሆነ ምን ቸገረን፤ ባላ አለኝ" አለች።

ቤቷ ተመለሰች። የመስኮቷ ሳንቃ ወደ ላይ ተነስቶ በባላ ይደገፋል። ከወይራ ቆርጦ የጠረበው ልሳኑ ነው፤ የእጁ ወዝ እስካሁን ያብለጨልጫል። ባላውን ስታነሳ ሳንቃው ወርዶ ቤቱ ጨለመ። "የልሳኑን ድምፅ ለመስማት የልሳኑን እጅ ልስጥ?" አለች። ባላው ምንም አላለም። በዚህ ተረት ውስጥ ምክንያት ያልደረደረ እሱ ብቻ ነው።

ተሸክማው ሄደች፤ የአዳራሹን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ነፋሱ የፖሊሲውን ረቂቅ እንዳይወስድባቸው።

"ነፋሱ የታለ? ድጋፉን አምጥቻለሁ።"

አቶ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አወለቁ። "እናቴ፣ ነፋሱ ውጭ ነው።"

"እናንተ ውስጥ፣ እሱ ውጭ፤ በየት በኩል ልትደግፉት ነው?"

ደብሪቱም የመስኮቱን ሳንቃ አንስታ ባላውን ከሥሩ አቆመችው።

ነፋሱ ገባ። ረቂቁን ገጽ በገጽ በተነው፤ ወረቀቱ ሲበተን ስብሰባውም አብሮ ተበተነ። ቃለ ጉባኤ ያዡ በቀረችው አንዲት ወረቀት ላይ፣ "ነፋሱ በወይራ ባላ መደገፉ ተረጋግጧል" ብሎ ጻፈ። ስብሰባው ሲበተን አቶ ሸዋንግዛው ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ መንገዱን ብርዛፍ መራቻቸው። ስብሰባው ተበተነ፣ ፊርማው አረፈ። ፊርማው አረፈ፣ ማኅተሙ መታ። ማኅተሙ መታ፣ ደብዳቤው ወጣ። ደብዳቤው ወጣ፣ ምሰሶው ሣሩን አራግፎ ቆመ። ምሰሶው ቆመ፣ ሽቦው ወረደ። ሽቦው ወረደ፣ ቴፑ ተናገረ።

መጀመሪያ የተሰማው ነፋስ ነው። ከነፋሱ ኋላ ሳል። ከሳሉ ኋላ የልሳኑ ድምፅ፦

"ደብሪቱ" አለ፤ ስሟን ጠራት። "ደብሪቱ፣ እስቲ መስኮቱን ዝጊው። ነፋሱ ድምፄን ወሰደብሽ።"

ደብሪቱ ቀና ብላ አየች። መስኮቱ ባላውን ከሰጠች ወዲህ እንደተዘጋ ነው።

"ዘግቼዋለሁ" አለችው። "በል አጫውተኝ።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ባላዬን ግን እዚያው ተዉልኝ።