ጠረጴዛ ላይ ያልቀሩት መጻሕፍት

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አህያን እጅ ነስቶ በሚያልፍበት በዚያ ደግ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ የሚማሩበት አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዳለቻ የምትባል አህያ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ከትልቁ ሾላ ሥር ያለ ሰፊና ቀዝቃዛ ዋሻ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት አቀበቱን እየወጣች በጀርባዋ ያመጣቻቸው እሷው ነበረች። ስለዚህ ያን ዋሻ የምታየው እንደ ወለደችው ልጅ ነበር።

ዳለቻ የማትለቀው አንድ ሥርዓት ነበራት። በሩ ላይ «ያነበባችሁትን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ ወደ መደርደሪያ አትመልሱ» የሚል ማስታወቂያ ሰቅላለች። ስንፍናን ለማበረታታት ብላ አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና አንባቢው ሲወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን መጻሕፍት ቆጥራ ከሰሏን በጥርሷ ይዛ መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች። የትኛው መጽሐፍ እንደሚነበብና የትኛው እንደተረሳ የምታውቀው በዚህ ነው። ብዙ የሚፈለገውን ሌላ ቅጂ ታስጽፍለታለች፤ ማንም ያልነካውን ወደ ኋላ ታሳልፈዋለች። ከዚያ ሁሉንም እየተሸከመች ወደየቦታቸው ትመልሳቸዋለች።

ያን ሰዓት በጣም ትወደው ነበር። ጠረጴዛዎቹ ያጫውቷት ነበር። መሃሉ ላይ ቅጠል የገባበት መጽሐፍ የኤሊ ነው፤ ኤሊ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ሁለት ክረምት ይፈጅባታል። ሽፋኑ በማር የተጣበቀው የጦጣ ነው፤ ጦጣ ማር ሳትልስ ማንበብ አይሆንላትም፣ ዳለቻ ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች። ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ የሚያነብ አንድ የአንበሳ ደቦልም ነበር፤ መጽሐፉን መሬት ላይ ትቶት ስለሚሄድ ዳለቻ ጎንበስ ብላ መፈለግ ነበረባት። ያ ደቦል ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ሥራ በዝቶበት ዋሻውን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚያ ቀኖች ቁጥሩ ሰማንያም ዘጠናም ይደርስ ነበር። ዳለቻ መጻሕፍቱን ስትመልስ ትዘፍናለች። ዘፈኗ እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ የአህያ ዘፈን ነው።

ዓመታት አለፉ። የዳለቻ ጀርባ ተላልጦ ቆሰለ፣ ዓይኗም ደከመ። በሩ አጠገብ ካለው መቀመጫዋ ሆና የዋሻውን ውስጥ ማየት ተሳናት። ይባስ ብሎ ቁጥሩ እየወረደ መጣ። ሰማንያ የነበረው አርባ ሆነ፣ አርባው ዘጠኝ ሆነ፤ ኋላም አመሻሹ ላይ ስትዞር ጠረጴዛዎቹን ባዷቸውን ታገኛቸው ጀመር። አንባቢዎቹ መምጣቱን አላቋረጡም። እሷ ግን ድሮ ለመጽሐፍ ይመጡ እንደነበር፣ አሁን ግን የሚመጡት በጋው በርትቶባቸው ለዋሻው ቅዝቃዜ ብቻ እንደሆነ ደመደመች። መልሱን ስለፈራችው ማንንም አልጠየቀችም። ያየችውን ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈች፦ ባዶ፣ ባዶ፣ አንድ፣ ባዶ።

ቁጥሩ መውረድ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ቀበሮ ሪፖርት ሊሰበስብ መጣ። መዝገቡን አገላበጠ፤ ወደ ውስጥ ዘለቅ ብሎም ጥቂት ቆየና ፈገግ እያለ ወጣ። ከዚያ የሄደው በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ኃላፊ ወደ አያ ጅቦ ነበር። ጅብ ያን ቀዝቃዛ ዋሻ ለአጥንት ማከማቻ ከተመኘው ቆይቷል። ቀበሮ፣ ጅብ በየሳምንቱ መቅኔ ያለው አንድ አጥንት እንዲሰጠው ተስማማና ለአንበሳ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ዓመቱን ሙሉ በዋሻው የተነበቡት መጻሕፍት አሥራ አንድ ናቸው የሚል ነው። አንበሳ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። አዘነ፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ዋሻው ለምግብ ቤቱ እንዲሰጥ፣ መጻሕፍቱም ጎተራ ውስጥ እንዲከማቹ አዘዘ።

ወሬውን ለዳለቻ የነገራት ራሱ ቀበሮ ነው። ተማሪዎቹ እንዳይደነግጡ ለማንም ባትናገር እንደሚሻል በትሕትና መከራት። ሊወጣ ሲል ዘወር አለና፣ «በእኛ አይዘኑብን፤ ቁጥሩን እኮ የጻፉት እርስዎ ነዎት» አላት።

ያን ዕለት አመሻሽ ዳለቻ ከሰሉን በጥርሷ ይዛ መዝገቡ ላይ ብዙ ቆየች። ከአሥራ አንድ ቀጥሎ ሁለት ባዶ ብትጨምር ዋሻው ይተርፋል። ግን በዚህ መዝገብ ላይ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታ አታውቅም። ከሰሉን አስቀመጠችውና በባዶዎቹ ጠረጴዛዎች መካከል እየተዘዋወረች አለቀሰች።

በነጋታው አንበሳ ቀበሮንና ጅብን አስከትሎ መጣ። ዳለቻ ከኋላ ተከተለቻቸው፤ አንባቢዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ተነስተው እጅ ነሱ። አንበሳ በልጅነቱ ይጋደምበት የነበረው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ያ ጠረጴዛ ድሮ ትልቅ ይመስለው ነበር። ቀበሮ ሐሳቡ እንዳይለወጥ ሰጋና ቶሎ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እነዚህ መጻሕፍት ከተነኩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል» አለ።

ጅብ ይህን የሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። የመጻሕፍቱ የቆዳ ሽፋን አፍንጫውን ስቦት ወደ መደርደሪያው ሄዷል። አንዱን መዝዞ ላሰ፣ ደግሞ ላሰ፣ ከዚያ ደስ ብሎት፣ «ይሄኛው ግን ትናንት የተነካ ነው፤ ማሩ ገና አልደረቀም» አለና ሽፋኑን ይግጠው ጀመር።

ቀበሮ በዓይኑ ጠቀሰው። ጅብ ደግሞ የተጠራ መስሎት፣ «እውነቴን ነው፣ ና ቅመስ» አለው።

አንበሳ መጽሐፉን ከጅብ አፍ አስጥሎ አሸተተው። መዳፉን በመደርደሪያው ላይ ቢያሳልፍ አቧራ የለም። ሌላ መጽሐፍ ቢገልጥ መሃሉ ላይ ያልጠወለገ ቅጠል አገኘ። ከዚያ ወደ አንባቢዎቹ ዞሮ አያቸው። ጦጣ ጣቶቿን ከኋላዋ እየጠራረገች ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። እትዬ ዳለቻ መጽሐፍ በተሸከሙ ቁጥር ጀርባቸው ሲደማ እናይ ነበር። ያነበብነውን ራሳችን እንመልስ ብለን ተማማልን። ብንነግራቸው እሺ አይሉንም፤ ስለዚህ ዝም አልን» አለች።

አንበሳ ቀበሮን ይህን አይቶ እንደነበር ጠየቀው።

«ሲመልሱ አይቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ «የተጠየቅሁት ግን ቁጥሩን ነው።»

ዳለቻ ባለችበት ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ተረሳሁ ብላ ስትብሰለሰል፣ ለካስ ጠረጴዛውን ባዶ ያደረገው ፍቅራቸው ነበር። «እኔ እኮ የተዋችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለቻቸው። ኤሊ በዝግታዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

አንበሳ ዋሻው እንደማይነካ ተናገረ። ጅብ የጋጠውን ሽፋን አስጠግኖ እንዲመልስ ታዞ ተባረረ። ቀበሮ ደግሞ ለአንድ ዓመት ከዕቅድ ክፍሉ ተነስቶ፣ ዳለቻ የቆጠረቻቸውን መጻሕፍት አመሻሽ ላይ ወደየመደርደሪያቸው እንዲመልስ ተፈረደበት። የበሩ ማስታወቂያም ተወልውሎ ሁሉም እንደገና እንዲያከብረው ታዘዘ።

ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳለቻ እንደ ድሮዋ ጠረጴዛዎቹን ዞረች። ሰማንያ ስድስት ቆጠረች፤ እንባዋ ስላስቸገራት እንደገና ከአንድ ጀመረች፤ አሁንም ሰማንያ ስድስት። ወደ መዝገቡ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና የታመመ ጀርባዋን ጎንበስ አድርጋ ደቦሉ ይጋደምበት የነበረው ጠረጴዛ ሥር ተመለከተች። አንድ መጽሐፍ መሬት ላይ ተገልጦ ተቀምጧል፤ ገጹ ላይ የትልቅ መዳፍ ምልክት አለ። ዳለቻም ሰማንያ ሰባት ብላ ጻፈችና፣ ቀበሮ ጆሮውን እየያዘ መጻሕፍቱን ሲመልስ፣ ያን ዘፈኗን ለቀቀችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ ስለማይነግረን፣ በቁጥር ብቻ አንድን ቤት ከመዝጋታችን በፊት እዚያ የሚውሉትን መጠየቅ እንዳለብን ነው።