ሦስተኛው መልስ

አንድ ቀን ዋሲሁን የሚባል ጡረተኛ «የሞተር ወዳጆች» ወደሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ገባ። ዋሲሁን ዕድሜውን አሰላ ፍርድ ቤት በችሎት ጸሐፊነት ተቀምጦ፣ ጠበቆች ሲጨቃጨቁ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ስለ መኪና የሚያውቀው ቁልፉ ወዴት እንደሚዞር ብቻ ነበር። ይህንንም በገባበት ዕለት ሳያፍር ተናገረ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ «አላውቅም» ብሎ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ይመስለኛል።

የመጣበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ጡረታው አልበቃ ሲለው የሰፈሩን ተማሪዎች በአሮጌ መኪናው ትምህርት ቤት ማድረስ ጀምሯል። ክረምቱ ሲገባ የመኪናዋ ካርቡራቶር ሞተ። የአሰላ ጋራዦች «የዚች ዕቃ ድሮ ቀረ» አሉት፤ አዳማ ወርዶም አጣ። የልጆቹ ወላጆች ደግሞ በጨዋ ደንብ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ትምህርት ሲከፈት መኪናዋ ካልተነሳች ልጆቹን ለባለ ሚኒባስ እንደሚሰጡ ነገሩት። የድሮ መኪና ዕቃ የሚገኘው በሞተር ወዳጆች ግሩፕ፣ ዕቃ ለሽያጭ በሚለጠፍበት «ዕቃ ክፍል» ውስጥ ነው ብለው የላኩትም እነሱው ናቸው።

ዕቃ ክፍሉ ግን በር ነበረው፤ በሩም ጠባቂ።

ጠባቂው የግሩፑ አድሚን ኢንጂነር ማስረሻ ነው። የምን ኢንጂነር እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሕጉን እሱ ጽፎ እሱ ከላይ ሰቅሎታል። አዲስ ገቢ መጠየቅ እንጂ መመለስ አይችልም፤ ከመለሰ ይባረራል። ሦስት መልስ የሰጠና ትክክልነታቸው በአድሚኑ የተመሰከረለት፣ ያን ጊዜውኑ ነባር ይሆናል። ዕቃ ክፍል የሚገባው ነባር ብቻ ነው። አዲስ ገቢን በውስጥ መስመር የረዳ ነባር፣ እሱም አዲስ ገቢ ይሆናል።

እኔ መኪና የለኝም። ግሩፑ ውስጥ የምቀመጠው ሰው በአማርኛ ሲጨቃጨቅ ለማንበብ ነው፤ የምኖርበት አገር ሰው ሲጨቃጨቅ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ሕጉን ሳነብም አልደነቀኝም። እዚህም ስመጣ ሥራ ለማግኘት የመኖሪያ ወረቀት፣ የመኖሪያ ወረቀት ለማግኘት ሥራ አምጪ ተብዬ አውቃለሁ። ልዩነቱ እነሱ ሲሉኝ ፈገግ ማለታቸው ነው።

ዋሲሁን ግን ሕጉን እንደ ችሎት ሰነድ ደጋግሞ አንብቦ ጠየቀ።

«ኢንጂነር፣ መመለስ የተከለከለ ሰው ሦስት መልስ ሰጥቶ ነባር የሚሆነው እንዴት ነው?»

«ጠንክሮ በመሥራት» አለ ኢንጂነር ማስረሻ።

«እስካሁን የሆነ ሰው አለ?»

«ነባሮቹን አታያቸውም እንዴ?»

ነባሮቹ ግሩፑ በተከፈተበት ቀን የነበሩ የኢንጂነሩ ባልንጀሮችና የሚስቱ ወንድሞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የገባው ሺህ ምናምን ሕዝብ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከስሙ ጎን «አዲስ ገቢ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ዓመታት ቆይቷል። ዋሲሁን ከዚያ በላይ አልተከራከረም። «ገባኝ፤ አመሰግናለሁ» አለ።

በሳምንቱ አንድ የደሴ ሰው እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለች። ሜዳውም ላይ ትጎተታለች። የተቃጠለ ነገርም ይሸተኛል። ምን ይሻለኛል?»

ኢንጂነር ማስረሻ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከ። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል አለ፤ ነዳጅ ፓምፑ ደክሟል አለ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይውረድ ብሎ ፈረደ። ከሥሩ ዋሲሁን አንዲት መስመር ጻፈ፦

«ወንድሜ፣ የእጅ ፍሬኑን አውርደኸዋል?»

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ «ወይ ጉዴ!» አለ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በረረች!»

ኢንጂነር ማስረሻ በሰው መበለጥን የሚችል ሰው አይደለም። ወዲያው «ትክክል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ነው» ብሎ ጻፈ። «እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።»

ትንሽ ቆይታ አንዲት የሐዋሳ ሴት ከመኪናዋ የሚወጣ ድምፅ ቀድታ ላከች። በየጉብታው ይንኳኳል፤ ይንቃጨላል። ኢንጂነሩ ሰምቶ ሳይጨርስ «ካምቢዮው አልቆለታል፤ ይፈታ» አለ።

«ኧረ አያስደንግጡኝ!» አለች። «መኪናዋ እኮ የባለቤቴ ናት። መውሰዴንም አያውቅም።»

«እህቴ» ሲል ጻፈ ዋሲሁን፣ «ከኋላ ምን ጭነሻል?»

«ምንም። የልደት ዕቃ ነው። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ከነሳጥ… ውይ!»

ኢንጂነር ማስረሻ አሁንም ቀደም ቀደም አለ። «ትክክል ነው፤ ጠርሙሱ ነው። ድምፁን እንደሰማሁ ጠርሙስነቱ ታውቆኝ ነበር።» አንድ አዲስ ገቢ «ታዲያ ካምቢዮ ይፈታ ያሉት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ግሩፑ ውስጥ አልታየም።

ሰዉ ግን ነገር ገብቶታል። መኪናው የታመመበት ሁሉ «ጋሽ ዋሲሁን ይጠይቁኝ» ማለት ጀመረ። መልስ ስጡኝ አይልም፤ ይጠይቁኝ ነው የሚለው። ይህን የመሰለ ነገር አንድ አድሚን ዝም ብሎ አያይም። ሥልጣኑ ስልክ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ብቻ የሆነ ሰው፣ ከዙፋን ከወረደ ንጉሥ ይልቅ ክፉ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉ ሰው ስልኩ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ኢንጂነሩ ብቅ አለ።

«አንተ አዲስ ገቢ፣ ና እስቲ ወደዚህ።»

«አቤት ኢንጂነር።»

«ሁሉም ሰው ይስማ። ይሄ ሰውዬ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት እየለጠፈ መልስ ሲሰጥ ከረመ። እኔ ዝም ስል ያላየሁ መስሎታል። ዛሬ በሕዝብ ፊት እንፋረዳለን።»

«ኢንጂነር ይተዉት በናትዎ፤ ትልቅ ሰው ናቸው» አለች የሐዋሳዋ ሴት።

«ትልቅ ሰው ከሆነ ይመን! ሕግ ሕግ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅሃለሁ፤ አታዙርብኝ። ስለ ፍሬኑና ስለ ጠርሙሱ የጻፍካቸው ነገሮች ጥያቄዎች ናቸው ወይስ መልሶች?»

ወጥመዱ ግልጽ ነበር። ጥያቄዎች ናቸው ካለ አይቆጠሩለትም፤ ዕድሜ ልኩን አዲስ ገቢ ነው፤ ካርቡራቶሩንም ልጆቹንም ይርሳ። መልሶች ናቸው ካለ ሕግ ጥሷልና ይባረራል። ከዋሲሁን ስም ሥር «እየጻፈ ነው» የሚለው ብቅ ይላል፤ መልሶ ይጠፋል። የደሴው ሰው አላስችል ብሎት «ጋሼ ጥያቄዎች ናቸው ይበሉ! ቢያንስ አይባረሩም!» እያለ ይለምናል።

ዋሲሁን ጻፈ።

«መልሶች ናቸው።»

«ትክክል!» አለ ኢንጂነር ማስረሻ። ደስታው ከፊደሎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «አሁን ትክክለኛውን መለስክ! መልሶች ናቸው! በገዛ እጁ ጽፎታል፤ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ! በሉ ተሰናበቱት። አንተም ከመሄድህ በፊት የምትለው ካለህ ቶሎ በል።»

«ረጅም አይደለም» አለ ዋሲሁን። «ፍሬኑን ትክክል ነው ብለው መሰከሩ፤ አንድ። ጠርሙሱን ትክክል ነው ብለው መሰከሩ፤ ሁለት። አሁን የጠየቁኝን መለስኩ፤ እሱንም ትክክል ብለው በሕዝብ ፊት መሰከሩ፤ ሦስት። ሕጉ ያን ጊዜውኑ ነባር ይሆናል ይላል። የሚባረረው ደግሞ አዲስ ገቢ ነው። እንግዲህ ኢንጂነር፣ ያንን አዲስ ገቢ ፈልገው ካገኙት ያባርሩት፤ እኔም አልከራከርለትም።»

 መጀመሪያ የደሴው ሰው የሳቅ ምልክት ለጠፈ፤ ከዚያ ሺህ ምናምኑ ሕዝብ ተከተለው። ኢንጂነሩ «ትክክል» የሚለውን ቃል ሊያጠፋ ቢሞክርም፣ ፎቶ አንስቶ ያላስቀመጠው አልነበረም። አንዱማ መልሶ ላከለትና ከሥሩ «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ጻፈበት።   ሊመሽ ሲል ከዋሲሁን ስም ጎን የነበረው «አዲስ ገቢ» የሚለው ምልክት ጠፍቶ ታየ።

ዋሲሁን እንደገባ ዕቃ ክፍሉን ለሁላችንም ፎቶ አንስቶ አሳየን። እኔ ትልቅ መጋዘን ነበር የመሰለኝ። ውስጡ የተለጠፈው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ካርቡራቶር፣ ለዋሲሁን ዓይነት መኪና የሚገጠም። ባለቤቱ ኢንጂነር ማስረሻ ነው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦

«ይህን ዕቃ ከለጠፍኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም። የዚህ አገር ሰው ዕቃ አያውቅም።»