ሁለት ጣት የጎደለው ውሃ

አንዲት ወጣት እናት በሻወር ቤት ምክንያት ሰው ማመን አቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመጣው ሴራሚክ ሠራተኛ አፉ ጣፋጭ ነበር። «እህቴ፣ አንቺ ሴራሚኩን ብቻ ምረጪ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» አላት። እሷም ነጭ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበትን መረጠች፤ ሌላውን ተወችለት። ሰውየው በሁለት ቀን ጨረሰ። ጎረቤት እየገባ አየ፣ «እንዴት ያምራል» አለ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከሻወሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላብ ላብ ማለት ጀመረ። ከዚያ ጠቆረ። ከዚያ ሸተተ። በዚያ ግድግዳ ሥር የምትተኛው ደግሞ ልጇ ሶስና ነበረች፣ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ልጅቷን ሳል ያዛት፤ ሳሉም አልለቅ አለ። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ መድኃኒት ሰጠቻትና «ቤታችሁ እርጥበት አለው?» ብላ ጠየቀች። «እርጥበቱ ካልጠፋ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም» አለች።

ሴራሚኩ ተነሣ። ከሥሩ ምን ተገኘ? ሲሚንቶ ብቻ። ውሃ እንዳያሳልፍ ከሥር መነጠፍ የነበረበት ጎማ የለም። ላዩ አበባ፣ ታቹ ጭቃ። አፈ ጣፋጩም ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሣም።

ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲስቅላት ትፈራለች። ሰው ዝም ሲልም ትፈራለች።

ሁለተኛው ሠራተኛ ጋሽ አጥናፉ ይባላል፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ጥቅል ጥቁር ጎማ በትከሻው ይዞ መጣ። እሷ ሶስናን ለጎረቤቷ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጠችና በርጩማ አምጥታ የሻወሩ በር ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አቧራ ነው። ለምን ውጪ አትሆኚም?»

«እዚሁ ይመቸኛል።»

ጋሽ አጥናፉ ሥራውን ቀጠለ። ጎማውን ሲለካ ቁራጭ ወደቀ። እሷ ቶሎ ብላ አነሣችው።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለልጄ መጫወቻ።»

ጓዳ ገባችና ቁራጩን እንደ ከረጢት ይዛ ውሃ ጨመረችበት፤ ከሥሩ ደረቅ መሐረብ አነጠፈች። እስከ አምስት መቶ ቆጠረች። መሐረቡ አልራሰም። ስትመለስ ጋሽ አጥናፉ ቀና ሳይል «ያዘ?» አላት።

«ምኑ?»

«መጫወቻው።»

ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

ጎማውን መሬቱ ላይ ዘረጋው። ጫፉንም እንደ ትሪ ከንፈር ግድግዳው ላይ አንድ ስንዝር ያህል አወጣው። ጥግ ላይ ሲደርስ አልቆረጠውም፤ አጠፈው።

«ለምን አይቆርጡትም?» አለችው።

«የተቆረጠ ጥግ ለውሃ በር ነው። ውሃ ደግሞ አንኳኩቶ አይገባም።»

እሷ ግን በሆዷ «ያጠፈው የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው» አለች።

ሲጨርስ «ዛሬ ውሃ አለ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያ ሰፈር ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። «ዛሬ አለ። ከሄደ እስከ ሐሙስ አይመጣም» አለችው። ጋሽ አጥናፉ የውሃ መውረጃውን በጨርቅና በላስቲክ ደፈነው። በጎማው ላይ አምስት ባልዲ ውሃ አፈሰሰ። ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደና ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ ግድግዳውን አሰመረ።

«እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ማንም አይንካው። ውሃው መስመሩ ላይ ከቆየ ሴራሚኩን እጀምራለሁ» አለና በሩን ዘግቶ ሄደ።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጅቷን ልታስረክብ መጣች። የሻወሩን በር ከፍታ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው? ኩሬ ነው?»

«ይፈተናል ብሎ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ነው የምትታለዪው? ሰውየው ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል። ያንቺን በውሃ ሸፍኖ ሄደ። በውሃ የሸፈነውማ እንዳታይበት ነው።»

ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ቃሉ ግን ቀረ። ሶስና ስታስል ደግሞ ያ ቃል ይበልጥ ይሰማል። ሴትዮዋ አላስችል አላት። ልጇን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ጥጉ እስኪታያት ድረስ ውሃውን በጆግ ቀዳች። ሁለት ባልዲ ሞላ። የታጠፈውን በጣቷ ዳበሰች፣ ጫፉን በጥፍሯ ሞከረች። ምንም ቀዳዳ የለም።

የቀዳችውን ውሃ መድፋት አሳዘናትና የሶስናን ልብሶች አጠበችበት። ከቧንቧው ቀድቼ እሞላዋለሁ ብላ ነበር። ቧንቧውን ስትከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ውሃው ሄዷል።

ከእርሳሱ መስመር ሁለት ጣት ጎደለ። «ሁለት ጣት ማን ያያል?» አለችና በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጋሽ አጥናፉ በሰዓቱ መጣ። በሩን ከፈተ። ቁጢጥ ብሎ መስመሩን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ሁለት ጣቱን ግድግዳው ላይ አስቀምጦ ለካ።

«ማንም አልነካውም?» ብሎ ጠየቃት።

«ማንም» አለች።

«ልጅቷስ?»

«እሷ ከእጄ አልወረደችም።»

ወደ መኝታ ክፍል ሄዶ የጀርባውን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰ። አዲስ እርጥበት የለውም። ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ሄዶ ዳሰሰ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ገባ?» አለ ለራሱ።

«ሙቀቱ ይሆናላ» አለች እሷ።

«በአንድ ቀን ሁለት ጣት የሚጠጣ ሙቀት እዚህ ቤት የለም።»

የመውረጃውን ድፍን ነቀለ። ውሃው ሄደ። ቢላውን አወጣና ተንበረከከ።

«ሃያ ዓመት ጥግ ሳጥፍ አንድም አሳልፎብኝ አያውቅም» አለ። «እጄ ደክሟል ማለት ነው። አዲስ ጎማ አመጣለሁ፣ የሚያጥፍልሽ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ሳሏን ሰምቻለሁ፤ በልጅ ደረት አልሞክርም።»

አንደኛውን ጥግ ቆረጠ። ሴትዮዋ አየች። ሰውየው የገዛ እጁን አገላብጦ አየው፤ ትናንት እንዲያ አላየውም ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አዲስ ጎማ ይመጣል፣ ሌላ ሰው ያጥፋል፣ ልጇም ትድናለች። ጋሽ አጥናፉ ቢላውን ወደ ሁለተኛው ጥግ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለች። «እኔ ነኝ የቀዳሁት።»

ሰውየው ቢላውን እንደያዘ ቀረ። ከበሩ ውጪ የሶስና ልብሶች ገመድ ላይ ተሰጥተው ነበር። ልብሶቹን አያቸው፣ ከዚያ እሷን አያት።

«ለምን ቀዳሽው?»

«ከሥር ቀዳዳ ያለ መስሎኝ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎት ይዋሹኛል ብዬ።»

ጋሽ አጥናፉ ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «እኔ ግን ጠየቅሁሽ» አላት።

ውሸት ስትፈራ ከርማ፣ በዚያ ቤት የመጨረሻውን ውሸት የዋሸችው እሷው ሆነች።

ጋሽ አጥናፉ ግን ሥራውን ትቶ አልሄደም። የቆረጠውን አንሥቶ ሐሙስ አዲስ ጎማ አነጠፈ፣ ጥጎቹንም በራሱ እጅ አጠፈ። ውሃ ሞላ። መስመሩን ካሰመረ በኋላ እርሳሱን ሰጣትና «አንቺም አስምሪ» አላት። እሷ ከእሱ መስመር አጠገብ የራሷን አሰመረች። እትዬ ጥሩወርቅ መጥታ «ዛሬም ኩሬ ነው?» ስትል፣ «አዎ፣ ነገ አብረን እናየዋለን» አለቻት። በማግስቱ ውሃው ሁለቱም መስመር ላይ ነበር። ሴራሚኩ ከዚያ በኋላ ተለጠፈ። ግድግዳው ደርቆ ሰነበተ፤ የሶስናም ሳል ቀስ በቀስ ተዋት።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ሰው ሳትጠይቅ አመነችው፣ ግድግዳዋ ረጠበ። ሁለተኛውን ሳትጠይቅ ጠረጠረችው፣ ደህናው ሥራ ተቆረጠ፣ ደህናው ሰውም በራሱ እጅ ላይ እምነት አጣ። መጠርጠሯ ጥፋት አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ይጠረጥራል። ጋሽ አጥናፉም ይጠረጥር ነበር፤ ግን ከሁሉ በፊት የራሱን ሥራ ነው የጠረጠረው፤ ጥርጣሬውንም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ነው ያሰመረው። በስውር የተያዘ ጥርጣሬ እውነቱን አያወጣም። ጥርጣሬው ራሱ ውሃውን ያጎድልና ጎደለ ብሎ ይመሰክራል።

እናንተስ፣ ዛሬ በሆዳችሁ የጠረጠራችሁትን ሰው አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ጠይቃችሁታል?