የባሻ አይቸው አሥር ክንድ ቦይ

የሸንበቆ በር ከተማ ሰው ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጨዋታ ሲደርቅበት የባሻ አይቸውን ቦይ ያነሣል። ጨዋታዎቹ ስድስት ናቸው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይነጥቀዋል፣ ሦስተኛው «ኧረ እንደሱ አይደለም» ብሎ ከመሐል ያርመዋል። ወይዘሮ ፀዳለ ብቻ ስድስተኛው ላይ ሲደረስ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አለዚያም ውሃ ልጠጣ ብላ ትነሣለች። ድሮም ዓይን አፋር ናትና ማንም ልብ ብሏት አያውቅም።

አምስቱ ልክ እንደሚወሩት ናቸው። ስድስተኛው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ሲወራ ኖሯል። ባሻ ካረፉ ወዲህ ይህን የሚያውቅ እሷ ብቻ ቀርታለች።

ያኔ ፀዳለ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሳ መጥታ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የጽሕፈት መኪና የምትመታው እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም፤ ድምጿ እንደ ክር ይቀጥንባታል። ከንቲባው ቀኛዝማች ምንዳዬ «የሕዝብን መንገድ ስለ መቆፈር የወጣ ደንብ» ብለው ያወጡትን አሥራ ሁለት አንቀጽ በአራት ካርቦን የጻፈችው እሷ ናት። አንቀጽ አንድ ማንም ሰው ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሕዝብን መንገድ እንዳይቆፍር ይከለክላል። የቀሩት አሥራ አንዱ ፈቃዱ እንዴት እንደማይገኝ የሚያስረዱ ነበሩ።

ባሻ አይቸው ግንበኛ ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ በታች ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን በድንጋይ ከፍ ካደረገው ወዲህ የላይ ሰፈር ጎርፍ መውጫ አጥቶ በእሳቸው በር መግባት ጀመረ። ባለቤታቸው እትዬ አበጀሽ ደግሞ እግራቸው ከታሰረ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ቤቱን ሲሞላው ባሻ ሚስታቸውን አዝለው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ዋሉ። ጎረቤት ደርሶ «እንዴት ሆናችሁ?» ቢላቸው «ምን እንሆናለን፤ እሷ በበቅሎ፣ በቅሎዋ በእግሯ» አሉ። ያን ቀን ተሳቀ። ግድግዳው ግን ሌላ ክረምት እንደማይችል ግንበኛው ራሳቸው ያውቃሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አሥር ክንድ ቆርጠው ቱቦ ቢቀብሩበት፣ ጎርፉ ቤቱ ሳይደርስ ወንዝ ይገባል። ቱቦው ተገዝቶ ደጃቸው ተጋድሟል። የቀረው ፈቃድ ነው። ወሩ ሚያዝያ ነበር።

፩

በመጀመሪያው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ማመልከቻውን አገላብጦ አየና «አንቀጽ ሦስት። የሚቆፈረው ጉድጓድ በቀያሽ ታይቶ፣ ተለክቶ፣ ካልተመዘገበ ፈቃድ አይሰጥም። ጉድጓዱን ያሳዩኝ» አለ።

«ፈቃድ ሳላገኝ በምን ቆፍሬ ላሳይህ?»

«እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ጉድጓድ አልመዘግብም።»

ባሻ ጥቂት አሰቡና «በል ተነሥ» ብለው ቀያሹን ከነሜትሩ ይዘውት ወጡ። ሩቅ አልሄዱም። እዚያው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ይተከልበታል ተብሎ ተቆፍሮ፣ ምሰሶው ሳይመጣ ሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ የቀረ ጉድጓድ አለ። አፋፉ ላይ አቆሙት።

«ይሄማ የራሳችን የማዘጋጃ ቤቱ ነው!» አለ ቀያሹ።

«አውቃለሁ ልጄ። የእኔው ገና ስላልተወለደ፣ ለጊዜው ታላቅ ወንድሙን ለካልኝ ብዬ ነው።»

ፀዳለ በመስኮት ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች። የካርቦኑ ጥቁር ጉንጯ ላይ ታትሞ ዋለ።

፪

አንቀጽ አምስት ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ የተቆፈረው ተመልሶ እንደሚደፈን የሚያረጋግጥ፣ በከተማው የታወቀ ሰው መሆን አለበት። ባሻ በማግስቱ የደብሩን መቃብር ቆፋሪ፣ አያ ውብሸትን አስከትለው መጡ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ተቆጣ። «ምነው ባሻ! ነጋዴው ጠፍቶ፣ ባለርስቱ ጠፍቶ መቃብር ቆፋሪ ዋስ ይሁነኝ ይላሉ? በሰው ቢሮ ነው የሚቀልዱት?»

አያ ውብሸት ባርኔጣቸውን አወለቁና «እስከ ዛሬ በሥራዬ ቅሬታ ያቀረበብኝ የለም» አሉ በትሕትና።

ሹሙ ወደ ባሻ ዞረ። ባሻም ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው፦ «ምን ላድርግ ብለህ ነው? በዚህ ከተማ ቆፍሮ ሳይደፍን ሄዶ የማያውቅ ሰው ብፈልግ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።»

፫

አንቀጽ ሰባት ደግሞ ከላይ በኩል ያለው ባለይዞታ ተስማምቶ ይፈርም ይላል። ከላይ በኩል ያሉት ነጋድራስ ጓንጉል ናቸው። ነጋድራስ የጣራቸውን ፍሳሽ እንኳ በርሜል ውስጥ አጠራቅመው ክዳኑን የሚቆልፉ ሰው ነበሩ።

«ጎርፉ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው» አሉ ነጋድራስ። «በደጄ ያለፈ ነገር የእኔ ነው። የገዛ ውሃዬን ወንዝ ውስጥ ለማስደፋት አልፈርምም።»

«ኧረ ልክ ነዎት፤ የእርስዎ ነው። እስቲ ይህንኑ ሽማግሌ ባለበት ይድገሙልኝ።»

ነጋድራስ የሚጠቅማቸው መስሏቸው ሁለት ሽማግሌ አስጠርተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት። ባሻ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«እንግዲህ ስሙልኝ። አምና የነጋድራስ ንብረት በሬን ጥሶ ገብቶ ሚስቴን ሊገድላት ነበር። ዘንድሮ ድርሽ ቢል፣ ከባለንብረቱ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተን ዳኛ ፊት ነን።»

ነጋድራስ ብዕር ጠየቁ።

፬

ግንቦት እያለቀ ሄደ። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ የከንቲባው ፊርማ ብቻ ቀረ። ቀኛዝማች ግን ፊርማቸውን እንደ ጋሻ የሚያንጠለጥሉት እንጂ የሚጠቀሙበት አይመስሉም ነበር፤ ባሻ በመጡ ቁጥር «ሰኞ ና» ይሏቸዋል። አንድ ማለዳ ባሻ የሰማዩን ጥቁረት አዩና ዶማቸውን ይዘው መንገዱ መሐል ቆሙ። ዶማውን ገና ሽቅብ እንዳነሡት የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ከሩቅ «በሕግ አምላክ! እንዳትነቃነቅ!» ብሎ ጮኸ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት አይላወስም። ባሻም ዶማቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሰው ከበባቸው። ዘበኛው «በቃ፣ ያውርዱት» ቢላቸው አልሰማ አሉ። በዚህ መሐል የከንቲባው ላንድሮቨር መጥቶ ፊታቸው ተገትሮ ቆመ።

«ዞር በል ከመንገዱ!» አሉ ቀኛዝማች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው።

«ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ተብዬ ነው የቆምኩት። መኪናዎ ከሕግ አምላክ ይቀድማል ካሉ፣ ይህ ሁሉ ገበያተኛ ይስማና ዞር እላለሁ።»

ቀኛዝማች ያን ቀን ቢሯቸው የገቡት በእግራቸው ነው።

፭

ባሻ «ለመቆፈር በመሞከር» ተከሰሱ። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «መንገዱ የሕዝብ ነው። ለመሆኑ ዶማህን ስታነሣ ሕዝቡን ጠይቀሃል?» አሏቸው።

«ጠይቄ ነበር ጌታዬ፤ ግን መንገዱ ላይ ሰው አጣሁ። ሕዝቡ በሙሉ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ፈቃድ ለማግኘት ተሰልፏል።»

ዳኛው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ዶማውን አስመልሰው ባሻን ለቀቋቸው፤ «ፈቃድ መስጠት ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም» ሲሉ አዘኑላቸው።

፮

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የአውራጃው ገዥ ይመጣሉ ስለተባለ ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው ተሰናድተዋል። የፈቃዱን ወረቀት ፀዳለ ስምንት ጊዜ ጠረጴዛቸው ላይ ከሁሉ በላይ አስቀምጣዋለች፤ ስምንት ጊዜም ከሁሉ በታች ሆኖ ወርዶ ተመልሶላታል። ያን ቀንም ወረቀቱ ያለበትን ክላሴር አቅፋ፣ ጃንጥላ ይዛ ተከተለቻቸው።

ካፊያ ጀምሯል። ላይ ተራራው ጠቁሮ ያጓራል፤ ጎርፉ ሰዓት ሳይሞላ እንደሚደርስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባሻ የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሥር ዶማቸውን ይዘው ቆመዋል። ከቤታቸው እየሮጡ የመጡ የታች ሰፈር ጎልማሶች አካፋቸውን ይዘው ከኋላቸው አሉ። ፀዳለ የዚያን ቀን የባሻን ፊት አይታ ደነገጠች። ለሁሉ መልስ የማያጡት ባሻ ዶማውን መሬት ጥለው ተንበረከኩ።

«ጌታዬ… አበጀሽ ብቻዋን ናት… ስለ እግዚአብሔር…»

«ሰኞ ና አልኩህ እኮ!» አሉ ቀኛዝማች፤ ከታች ለሚመጣው የገዥው መኪና እጃቸውን እያነሡ ወደ ፊት ተራመዱ። የሌሊቱ ዝናብ የምሰሶውን ጉድጓድ በጭቃ ውሃ ሞልቶት ነበርና ታላቅ ወንድምዬው አልታያቸውም። ከነካባቸው እስከ ደረታቸው ገቡ።

ዘበኞች በክንዳቸው ይዘው ጎተቷቸው። ጭቃው እግራቸውን ውጦ፣ የጠርዙ ድንጋይ ደረታቸውን ነክሶ ያዛቸው። «ጠርዙ ካልተናደ አይወጡም!» አለ አንዱ።

«ምን ትገተራለህ! ቆፍር እንጂ!» አሉ ቀኛዝማች ጭቃ በዓይናቸው ገብቶ እያቃጠላቸው። «አይቸው! ንደህ አውጣኝ!»

ባሻ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወዲያው ዶማቸውን አነሡ። በዚህ ጊዜ ነው ከጀርባቸው፣ ከጃንጥላው ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ የወጣው።

«ጌታዬ፣ የሕዝብ መንገድ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም። አንቀጽ አንድ።»

 የተናገረችው ፀዳለ ናት፤ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ መስሏት ዞር ልትል ምንም አልቀራት።  እናቷና ሁለት ወንድሞቿ የእሷን እጅ ነበር የሚያዩት።

«ማን ነው እሱ?» ብለው ጮኹ ቀኛዝማች፣ ዓይናቸውን መክፈት አቅቷቸው። «ማን ነው የተናገረው?»

ባሻ ዘወር ብለው እንኳ አላዩዋትም። እርምጃ ወደ ፊት ሄዱና ድምፃቸውን አቅጥነው፦ «እኔ ነኝ ጌታዬ። ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ፀዳለ ክላሴሩን ሰጠቻቸው፤ ጃንጥላውንም ከላይ ያዘች። ቀኛዝማች የገዥው መኪና ሳይደርስባቸው፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳሉ፣ በጠርዙ ላይ ተደግፈው ፈረሙ። ከዚያ ባሻ በአራት ምት ድንጋዩን ንደው በብብታቸው ይዘው አወጧቸው፤ ካባቸውንም አራግፈው አለበሷቸውና ሮጡ። የታች ሰፈር ሰው በሙሉ ተረባርቦ አሥሩን ክንድ ቆረጠው። የመጨረሻው ቱቦ እንደወረደ ጎርፉ ደረሰ፤ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ቦዩን አግኝቶ ወደ ወንዙ ታጠፈ። እትዬ አበጀሽ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሲያልፍ ሰሙት።

ድንኳን ውስጥ ጨዋታው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አውሪው ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ «አንቀጽ አንድ» ይላል፣ ድንኳኑ ይስቃል፣ ፀዳለ ውሃ ልትጠጣ ትነሣለች።

የማይወራው ይህ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ፣ ቀኛዝማች ሰኞን ይወዱ ነበርና፣ ባሻ «ሹም በማዋረድ» ሦስት ሳምንት ይታሰሩ ተባለ። ደብዳቤውን የጻፈችው ፀዳለ ናት። ስማቸው ላይ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች፤ ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀየረች፤ በአራተኛው ጨርሳ ለማኅተም አቀረበችው።

እሑድ በሶ ይዛ ወህኒ ቤት ሄደች። ባሻ በአጥሩ ቀዳዳ ተቀበሏት።

«እንዴት ናት አበጀሽ?»

«ደህና ናቸው። ቤቱ ደርቋል።»  ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ባሻ፣ ነገ ለዳኛው እነግራቸዋለሁ። የተናገርኩት እኔ ነኝ እላለሁ» አለች።

ባሻ በሶውን በጣታቸው እየቀመሱ በአጥሩ ቀዳዳ አይዋት።

«ተይ ልጄ። እስካሁን የከለከሉት ያለ ፈቃድ መቆፈርን ነው። አንቺ ከተናገርሽ ያለ ፈቃድ መናገርን የሚከለክል ሌላ አሥራ ሁለት አንቀጽ ያወጣሉ፤ እሱንም በአራት ካርቦን የምትጽፊው አንቺው ነሽ።»