ዳገቱ ሥር የሚያልቅ ባትሪ

አንድ ልብስ ሰፊና ታላቅ እህቱ በግቢያቸው በር ላይ ይጨቃጨቁ ነበር። ልብስ ሰፊው አዳሙ የእህቱን የኤሌክትሪክ ብስክሌት እጀታ ይዟል። እህቱ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ኮርቻውን ይዛ አለቅም ብላለች።

«አትወስዳትም አልኩህ! ባለፈው እሑድ እንደ እምቢተኛ በሬ እየጎተትክ ነው ያመጣሃት።»

«ባትሪዋ አርጅቷል እትዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

«አርጅቷል? እኔ በዚችው ባትሪ በርበሬና ሽሮ ጭኜ ከተማውን ስዞር እውላለሁ። አንተን ስታይ ብቻ ነው የምታረጀው?»

«እንግዲያው ዳገቱ ነው።»

«ዳገቱማ አንተ ሳትወለድም እዚያው ነበር።»

አዳሙ እጀታውን ለቀቀ። «ሰኞ ትሄዳለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አክስቷ ዘንድ፣ ሩቅ አገር። ነገ ካልደረስኩ ደግሜ አላገኛትም።»

እትዬ ጥሩወርቅም ኮርቻውን ለቀቀች።

የምትሄደው አትጠገብ፣ የአዳሙ ሚስት ናት። የወላጆቿ ቤት ከከተማው በላይ፣ መኪና በማይወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ጥላው ወደዚያ ስትወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሳቅህን ለደንበኛ፣ ጨዋታህን ለጎረቤት ትሰጣለህ። ለእኔ ይዘህ የምትመጣው ድካምህን ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። ማታ ማታ መርፌው ላይ ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች። ክሩ ሲገባ «ይኸው» ትላለች። አሁን ክሩን የሚያስገባው እሱ ራሱ ነው፤ «ይኸው» የሚል ግን የለም። አንዳንድ ምሽት ክሩን አስገብቶ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ እንደማይመጣም ያውቃል።

ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገቱን በእግሩ አይወጣም። በየእሑዱ በእህቱ ብስክሌት ይነሣል፤ ባትሪው ግን ሁልጊዜ ዳገቱ ሥር ያልቃል። ያን ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ይጠብቅና «ለአትጠገብ ሰላም በሉልኝ» ይላል። ሽማግሌም ልኮ ነበር። እሷ ግን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስተናግዳ፣ «አባቶቼ፣ ሰላምታው ሁልጊዜ ይደርሳል፤ የማይደርሰው ሰውየው ነው» ብላ መለሰቻቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ብስክሌቷን ወደ መንገድ አወጣች። «ና ንዳ፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። የምታደርገውን ልይ» አለችው።

አዳሙ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ፤ ብስክሌቷ ተወርውራ ሄደች። ወዲያው አንድ የሚያውቀውን ሰው አየና ፍሬን ያዘ። «ደህና አደርክ? ነገ ወደ አትጠገብ ልሄድ ነው!» እንደገና ጠመዘዘ። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች አየ፤ እንደገና ፍሬን፣ እንደገና «ወደ አትጠገብ ልሄድ ነው!»

እህቱ ጀርባውን በጡጫ መታችው። «ስንት ጊዜ ነው የምትቆመው?»

«ሰው ሰላም ሳልል ልለፍ? ነውር አይደለም እንዴ እትዬ?»

«ነውር ነው። ግን አንገትህን ዝቅ፣ እጅህን ከፍ አድርገህ ማለፍም ሰላምታ ነው። ቆመህ በተነሣህ ቁጥር ከባትሪው የምትበላው የዳገቱን ድርሻ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አስተማረችው። «ሜዳው ላይ እጀታውን ተወው፤ ፔዳሉን ራስህ ምታ። ሞተሩ ያግዝህ እንጂ አይሸከምህ። መቆሚያህን ከሩቅ ስታይ ቀድመህ ልቀቃት፣ በራሷ ትንሸራተት። ዳገት ስታይ ደግሞ ሳትደርስበት ማርሹን አቅልል፤ መሃሉ ላይ ከተጨነቅህ በኋላ አይሆንም።» ማታም ባትሪውን ቻርጅ አድርጋ ጎማዎቹን ነፋችለት። «የላላ ጎማ እንደ ኩርፊያ ነው። ድምፅ የለውም፤ ጉልበት ግን ይጨርሳል» አለች።

እሑድ ጠዋት አዳሙ ተነሣ። በሻይ ቤቱ ሲያልፍ ጓደኞቹ አዩት። አንዱ፣ «አዳሙ! ዛሬስ ትደርሳለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሰላምታህን ትልካለህ?» አለና ሁሉም ሳቁ። አዳሙ መልስ አላጣም፤ ቢቆም ከእነሱ የበለጠ ያስቃቸው ነበር። ግን አንገቱን ዝቅ፣ እጁን ከፍ አድርጎ አለፈ። ከኋላው «ኮራ!» ሲሉ ሰማ። የዚያን ቀን ሜዳው ረዥም ሆነበት። ላቡ እየወረደ በራሱ እግር ገፋው።

ዳገቱ ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ድንጋይ አጠገብ አንዲት አሮጊት አገኘ። ስለሚያውቁት «ልጄ፣ ሰላም ልበልልህ?» አሉት።

«አይ እማማ፣ ዛሬ እኔው እላለሁ።»

ማርሹን አቀለለ። ለሜዳው የነፈገውን የሞተር ኃይል ሁሉ አሁን ለዳገቱ ሰጠው። ብስክሌቷ ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ ወጣች።

አትጠገብ በአጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። እሱን አየችው፤ ከዚያም የባትሪውን መጠን የምታሳየውን የብስክሌቷን መብራት አየች።

«ባትሪው አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር የሚያልቀው?»

«ሜዳ ላይ። እመጣለሁ እያልኩ ለሰው ሳወራ።»

«መርፌህ ላይ ክር ማን ያስገባልሃል?» አለችው።

«እኔው። ሲገባ ግን የሚነግረኝ የለም።»

አትጠገብ ወደ ቤት ገባች። አዳሙ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ በአጠገቡ አለፈችና ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ባትሪው ገና ብዙ ነበረው። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ብስክሌቷን እየገፋ፣ እያነከሰም ከኋላዋ ተከተላት።

ብዙዎቻችን «ዳገቱ ከበደኝ» እንላለን። ኃይላችንን የጨረስነው ግን ሜዳው ላይ፣ ለማይጠብቀን ሁሉ ስንቆም ነው። ለሚጠብቀን ሰው የምንተርፈው ቀድመን ከቆጠብንለት ብቻ ነው። እናንተስ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ማን ይጠብቃችኋል? ስትደርሱ ምን ያህል ትተርፉለታላችሁ?