ቀዩ የከረሜላ ወረቀት

አንድ ከረሜላ ሠሪ ነበረ፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ከረሜላ ቤቱን ከአባቱ ወርሷል። ከረሜላው የሚጠቀለልበትን ደማቅ ቀይ ወረቀትም እንዲሁ። በዚያ ከተማ ሰርግ ሲደገስ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ ያ ቀይ ወረቀት ከመሶቡ አጠገብ አይጠፋም ነበር።

አባቱ በሕይወት ሳሉ ትርንጎ የምትባል ሠራተኛ ነበረቻቸው። የፈላው ስኳርና ማር ከእሳት ወርዶ ቀዝቀዝ ሲል ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ መንጠቆ ታንጠለጥለዋለች። ከዚያ ትጎትተዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ደግሞ ትጎትተዋለች፤ እስኪነጣ ድረስ። ክንድ የሚጨርስ ሥራ ነው።

አባት ሲሞቱ ልጅ ማሽን አስገባ። ማሩን አስቀረ፤ ይጨመርበት በነበረው ሎሚም ፈንታ ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ ነገር ያደርግበት ጀመር። መንጠቆውን አስነቅሎ ደጅ አስጣለው፤ ትርንጎንም «በቃሽ» ብሎ አሰናበታት። እሷም የተጣለውን መንጠቆ አንስታ ሄደች። በሰፈሯ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ፣ መንጠቆውን ግድግዳ ላይ መትታ፣ እንደለመደችው ከረሜላ መሥራት ጀመረች። የጠቀለለችውም በቀይ ወረቀት ነው። ለምን ቀይ ሲሏት «ከረሜላ ቀይ ካልለበሰ ያለቀ አይመስለኝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ክፋት አስባበት አይደለም።

ሰው ደግሞ ምላስ አለው። ውሎ አድሮ የይርዳው ደንበኛ ሳሳ። የቀሩትም ቢሆኑ ከረሜላውን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ «ምነው፣ የድሮው አይደለም እኮ!» ይሉት ጀመር። ይርዳው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ያቺ ሴትዮ ናት! በእኔ ቀለም መናኛ ከረሜላ እየጠቀለለች ስሜን አጠፋችው!» አለና ከሰሳት። አቤቱታው አጭር ነበር፦ በቀይ ወረቀት ተጠቅልሎ ሕዝብ የሚያታልለው መናኛ ከረሜላ ይታገድ፤ ሠሪውም ምድጃውን ያጥፋ።

ይህ ለትርንጎ ቀልድ አይደለም። የሟች እህቷን ልጆች የምታሳድገው በዚያች ምድጃ ነው፤ ሌላ ሙያ የላትም። መጥሪያው ከደረሳት ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ጎረቤቶቿ «አይዞሽ፣ እግዜር አለ» ሲሏት «እሱስ አለ፤ ግን ይርዳው ጠበቃ አለው፣ እኔ ያለኝ መንጠቆ ነው» ትላቸዋለች።

እዚህ ላይ ስለ ከረሜላ ሠሪዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚያ ከተማ ከረሜላ ሠሪዎች የሠሩትን አይቀምሱም። ንቀውት እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ የስኳር እንፋሎት ሲስቡ ስለሚውሉ ጣፋጭ ያስጠላቸዋል። ቤታቸው ሲገቡ ቃሪያ ነው የሚያምራቸው። ከረሜላውን የሚፈትኑት በዓይናቸውና በጆሯቸው ነው፤ ካብረቀረቀ፣ ሲሰበርም ቀጭ ካለ፣ አለቀ፣ ጥሩ ነው። ይርዳውም ከልጅነቱ ወዲህ እንደዚያ ነው፤ ትርንጎም እንደዚያ ናት።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ዳኛው ነገር የገባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱም ከረሜላቸውን ይዘው እንዲመጡ አስቀድመው አዝዘዋል። ጸሐፊው በሕዝብ ፊት ቀዩን ወረቀት እየላጠ የይርዳውን በሰማያዊ ሳህን፣ የትርንጎን በነጭ ሳህን ደረደረ። ወረቀቱ ሲነሳ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ።

ዳኛው «አቶ ይርዳው፣ የራስዎን ከረሜላ ያውቁታል?» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው ክቡር ዳኛ! ሰው የወለደውን ልጅ አያውቅም?»

«እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑና ይቅመሱ። ከዚያ ወይዘሮ ትርንጎ ይቀምሳሉ።»

ትርንጎ «ወይኔ!» አለች በሆዷ፤ «ከረሜላ አፌ ከገባ ስንት ዘመኑ! ብሳሳትስ? የእነዚያን ልጆች ጉሮሮ በአንድ ጉርሻ ልዘጋው ነው?»

ይርዳው ዓይኑን ጨፈነ። ጸሐፊው መጀመሪያ ከሰማያዊው ሳህን፣ ማለትም ከራሱ ከይርዳው ከረሜላ፣ አንድ አንስቶ አጎረሰው። ይርዳው ገና አንድ ጊዜ መጠጥ ሲያደርገው ፊቱ ተጨማደደ። መሐረብ አውጥቶ እንትፍ አለው።

«ይኸው! ይኼ ነው ስሜን ያጠፋው! ስኳርና ሽቶ ነው እኮ! ኧረ ሰው ይህን ለልጅ ይሸጣል? ይህን የሠራ እጅ አያሳፍረውም?»

ጸሐፊው ከነጩ ሳህን አነሳና አጎረሰው። ይርዳው መናገር ጀምሮ ነበር፤ አቆመ። ትከሻው ወረደ። ዓይኑን እንደጨፈነ ከረሜላውን አፉ ውስጥ አገላበጠው፤ ድምፁም ተለወጠ።

«ይኼ የእኔ ነው» አለ። «ይኼ የአባቴ ቤት ነው። ማሩ ይኸው፣ ሎሚው ይኸው። ውሸት ከሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ዓይኑን ሲገልጥ የጸሐፊው እጅ ያለው ነጩ ሳህን ላይ ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያማ ማን ይያዘው፣ ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃው ጣሪያውን እያየ ወረቀቶቹን ይሰበስብ ጀመር።

ዳኛው ግን አልሳቁም። «መልካም፤ ወይዘሮ ትርንጎ መቅመስ አያስፈልጋቸውም። አቤቱታዎ በቀይ ወረቀት የሚያታልለው መናኛ ከረሜላ ይታገድ፣ ሠሪውም ምድጃውን ያጥፋ የሚል ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ራስዎ ምለው ነገሩን። እንግዲህ እንደጠየቁት ልፍረድልዎ?»

የይርዳው ግንባር በላብ ተጠመቀ። «ኧረ አይ! አይ ክቡር ዳኛ፣ ክሴን አንስቻለሁ!»

«በሉ ቀዩ የሁለታችሁም ይሁን። ስማችሁን ግን ጻፉበት። መጀመሪያውኑ ብትጽፉበት ኖሮ እኔም ዛሬ ከቤቴ ባልወጣሁ» አሉና ተነሡ።

ትርንጎ «ተመስገን!» ብላ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ትስቅ ይሁን ታለቅስ ለራሷም አልታወቃት። ምድጃዋ አልጠፋም፤ ልጆቹ ማታ ይበላሉ። ጎረቤቶቿ እልል አሉ።

የሚገርመው፣ ይርዳውም ቀለል ብሎት ነበር። ተዋርዶ እንዴት ይቀለዋል ትሉ ይሆናል። ደንበኞቹ «የድሮው አይደለም» ሲሉት በሆዱ የአባቱ ከረሜላ ከአባቱ ጋር የተቀበረ ይመስለው ነበር፤ ለካ አለ። በር ላይ ጠበቃትና ልጅ ሳለ ይጠራት በነበረው ስም ጠራት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሎሚው መቼ ነው የሚገባው?»

ትርንጎ አየችው። ጥላው ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው» አለችው። «ነገ በጠዋት ና፣ አሳይሃለሁ። መንጠቆ ግን ገዝተህ ና፤ የእኔን አልመልስልህም!»

ወዳጆቼ፣ ይርዳው ተሰረቅሁ እያለ ሲጮኽ የኖረው በገዛ እጁ ደጅ የጣለውን ነገር ነው። የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ አንስታ ያቆየችለት ሴት ግን ነበረች። እሷኑ ሊያጠፋት ሲል ለጥቂት ተረፈች፤ እንኳንም ተረፈች። እኛም የወረስነው ስም፣ የቤታችን ወግ፣ የሙያችን ክብር ተወሰደብን ብለን ከጎረቤት ጋር ከመካሰሳችን በፊት ወረቀቱን ገለጥ አድርገን ውስጡን እንየው። እናንተስ፣ «የእኔ ነው» ብላችሁ የምትጣሉበትን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሳችሁት መቼ ነው?