ሲነኩት የሚሆመጥጥ ጠላ

አንዲት ጠላ ጠማቂ ነበረች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ እሱም ባላፈሰሰው ደም ተጠርጥሮ ቆላ ወርዶ ተሸሸገ። የሟች ወንድሞች ካገኙት አይምሩትም። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ቃሉን ከሰጠ ግን የሚነካው የለም። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ወንዙ አንድ መሻገሪያ ብቻ አለው። የሚሻገርበትን ቀን የምትልክለት እናቱ ናት። ወደ ቆላ የሚወርደው ደግሞ አንድ አህያ ነጂ ብቻ ነው፤ እሱንም የሟች ወንድሞች ገዝተውታል።

ሴትዮዋ ሞኝ አልነበረችም። ልጇ ሲሄድ ተማክረዋል፦ መጀመሪያ ጠላ በእንስራ ትልካለች፤ ከሥሩ ጥቂት ጠጠር ትጥላለች፤ አፉን በጭቃ ትመርጋለች። ጠጠሩ ለብቻው ምንም አይናገርም። ጠላው ደህና ከደረሰ ብቻ ደብዳቤ ትልካለች፤ ልጁም ከተጻፈው ቀን የጠጠሩን ያህል ወደ ኋላ ይቆጥራል።

የመጀመሪያው እንስራ ወረደ። አህያ ነጂው መንገድ ላይ ከፍቶ ጠጠሩን ቆጠረ፤ መልሶ መረገው። አመራረጉስ! ጠማቂዋ ራሷ አትለየውም። ነገር ግን ንፋስ የገባው ጠላ ሦስት ቀን ፀሐይ ለፀሐይ ተጉዞ እንዴት ደህና ይሆናል? ልጁ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ጠላሽ ሆምጥጧል በላት» አለው።

አህያ ነጂውም ይህን ገበያ መካከል ለፈፈው። ሃያ ዓመት በሙያዋ የተመሰገነች ሴት መሣቂያ ሆነች። «እሰይ፣ ነቃንበት!» አለች በሆዷ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቁጥር ትታ፣ ሌላ ጠምቃ፣ ሌላ ጠጠር ጣለች። አሁን ሰውየው ብልጥ ሆነ፤ ከፍቶ ካየ በኋላ ከመንደር ትኩስ ጠላ ገዝቶ ሞላበት። ልጁ አንዴ ተጎነጨ። የእናቱ እጅ ይጠፋዋል? «ይህም ሆምጥጧል በላት» አለ።

ሦስተኛ ጠመቀች። አህያ ነጂው ሰለቸው፤ «ጠጠር ለማየት ምን አደከመኝ» ብሎ ሳይከፍት አደረሰው። «እጅሽ ይባረክ በላት» አለ ልጁ። ጠጠሩ ሦስት ነበር።

ቀጥሎ የወረደው ደብዳቤ «ዓርብ ተሻገር» ይላል። አህያ ነጂው አንብቦ ለጌቶቹ ነገረ፤ ዓርብ መሻገሪያውን ከበው ዋሉ። ልጁ ግን ማክሰኞ ተሻግሮ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ ነበር። «እህ፣ ሆምጥጧል ወይ?» እያለች ትቀዳለታለች።

ይህን የተናገሩት መምህር እንዳላማው ወደ ጠያቂያቸው ዞሩ። ትርሲት የሆስፒታል መዝገብ በኮምፒውተር የምትጠብቅ ናት፤ የበሽተኞቿ ምስጢር ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ሳታውቀው በኢንተርኔት ሌቦች ተወስዶባት፣ «ኳንተም የሚሉት ቁልፍ ሌባ ያቆማል ወይ?» ብላቸው ነበር።

«አያቆምም፣ ልጄ። አህያ ነጂውን ማን አቆመው? ያንቺ ጠላ የብርሃን ቅንጣት ነው፤ ሰርቆ ያየው ሰው ይለውጠዋል፤ አስመስሎም ሊተካው አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ብቻ፣ እንደ ጠጠሩ ያለውን ቁጥር፣ በብርሃኑ ትልኪያለሽ። ከተነካ ትጥይዋለሽ፤ ንጹሕ ከደረሰ ምስጢርሽን ትቆልፊበታለሽ። ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ ራስሽን ስትወቅሺ አያለሁ፤ ተይ። ሳታውቂ የቀረሽው ስለተኛሽ አይደለም። የላክሽው ጠላ ሲነኩት የማይሆመጥጥ ስለነበረ ነው።»